ቤቱ ሞልቷል

ለወንድም ጋሼ፣

እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ሐኪሙ የከለከለህን ጨው ተውክ ወይስ አሁንም ሰው ዞር ሲልልህ ትነሰንሳለህ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ትልሃለች። እኔ እንደምታውቀኝ ነኝ፤ ጠዋት በሬዲዮ እበሳጫለሁ፣ ማታ በጋዜጣ።

ስለ ልጅህ ልጽፍልህ ነው። ወረቀቱን አትጣለው። ምሕንድስናውን ትቶ መጋቢ ከሆነ ወዲህ ስሙን እንዳናነሳብህ ከልክለኸናል፤ «እሳት አመድ ወለደ» ያልከውንም አልረሳሁም። እኔም ብሆን ስብከት አይጥመኝም። ባለቤቴ እየጎተተች እሱ ወደሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ትወስደኛለች፤ ከኋላ ተቀምጬ የሰባኪዎችን ስሕተት እለቅማለሁ።

ባለፈው ወር ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ የነበሩት የቆርቆሮ ቤቶች ተቃጠሉ። ልጅህ ቤት ያጡትን ሰዎች ጓሮ ካለው አዳራሽ አስገባቸው፤ ሽማግሌዎቹም አመሰገኑት። ምስጋናው የቆየው ግን የትንቢት ጉባኤው እስኪቃረብ ነው። ስለ መጨረሻው ዘመን የሚያስተምር እንግዳ ተጋብዟል፤ አዳራሹ ለእንግዶች ምሳ ይፈለጋል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ሰዎቹ እስከ ቅዳሜ እንዲወጡ አዘዘ። ክፋት አይደለም፣ ሥርዓት ነው አለ። ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሕፃን ወደ ዝናብ የሚያወጣ ሥርዓት ከየት እንደተቀዳ ብጠይቀው፣ አባል ስላልሆንክ አይመለከትህም አለኝ።

ልጅህ አልተከራከረም። ከአዳራሹ አወጣቸዋለሁ አለ። ነጋዴው ደስ አለው። እኔ ግን ይሄም ያው እንደነሱ ነው ብዬ እየተሳደብኩ ቤቴ ገባሁ።

እሑድ ጠዋት ስንደርስ አዳራሹ ባዶ ነው፤ ጥርግ ብሏል። ሰዎቹ ዋናው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ናቸው። አግዳሚዎቹ እየተገጣጠሙ አልጋ ሆነዋል፤ ከአንዱ ምሰሶ ወደ ሌላው በተወጠረ ገመድ ላይ የሕፃናት ልብስ ተሰቅሏል። ለእንግዳው አስተማሪ በተዘጋጀው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ አንዲት አራስ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች።

መቼም የዚህ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዓመት ሙሉ አርብ አርብ እየጾሙ የሚጸልዩት አንድ ጸሎት አላቸው፤ «ጌታ ሆይ፣ ቤትህን ሙላው» ይላሉ። ነጋዴው ይሄ ምን ማለት ነው ብሎ ሲጮህ፣ ልጅህ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «ጋሼ፣ ጸሎታችን ተሰማ እኮ። ቤቱ ሞላ» አለው።

ከኋላዬ አንዲት አሮጊት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ባለቤቴ ጎኔን ጎሸም አደረገችኝ።

ከዚያ ግቢው ውስጥ፣ ካፊያ እየመታን ሰበከልን። ነቢያቱ ስለሚመጣው ዘመን ከተናገሩት ይልቅ ስለ ተጣመመ ፍርድ፣ ስለ መበለትና ስለ መጻተኛ የተናገሩት ይበልጣል አለ። እኛ ግን የመጀመሪያውን በቃላችን ይዘን ሁለተኛውን ለሌላ ቤት የተጻፈ አስመስለነዋል አለ። ቀኑን ስናሰላ ድኻውን ረግጠን ካለፍን፣ ቀኑ ሲመጣ የምንጠየቀው ስለ እርሱ ነው አለ። ወንድም ጋሼ፣ ስሕተት ፈልጌ አጣሁበት። እንግዳው አስተማሪ እንኳ የአውሬዎቹንና የቀንዶቹን ሥዕል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ጃንጥላውን ለአንዲት እርጉዝ ሰጥቶ፣ ራሱ እየራሰ ያዳምጥ ነበር።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ከአገልግሎት አገዱት። የሚኖርበትንም የመጋቢ ቤት ልቀቅ አሉት፤ ሰዎቹንም ይዘህ ውጣ አሉት። ልጅህ የነጋዴውን እጅ ጨብጦ፣ ደህና ሁኑ ብሎ ወጣ። እኔ አልጨበጥኩትም። አንተም ብትኖር አትጨብጠውም ነበር፤ አውቅሃለሁ።

እዚህ ትተኸው ስለሄድከው ቤትህ አታስብ። ማን እንዲገባ፣ ማን እንዳይገባ ነግረህ ቁልፉን እንደሰጠኸኝ አልዘነጋሁም። ተዘግቶ ስለከረመ እርጥበት ገብቶት ነበር፤ አሁን መስኮቶቹ በየጠዋቱ ይከፈታሉ። የሚያፈሰውንም ጣሪያ አንድ ምሕንድስና የተማረ ሰው ወጥቶ ደፍኖልሃል፤ ሥራው እንዳንተ ጥንቁቅ ነው። ለመምጣት ካሰብክ ቀድመህ ላክብኝ። ካልሆነም በሩን ቀስ ብለህ ክፈት፤ ጠዋት ጠዋት ሕፃን ይተኛል።

አምላክ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ልብህን ያለስልስልህ። ዕድሜህን ያርዝምልኝ፤ የምቆጣው ሰው አታሳጣኝ።

ታናሽ ወንድምህ