የኋላው ክምር

ጥር 3
መጋዘኑን በሁለት ሰዓት ከፈትኩ። ሁለት አይጥ ገደልኩ። ጣሪያው አሁንም እንደተቀደደ ነው። ከኋላ ያለው የስንዴ ክምር ባለፈው ዝናብ ርሶ ሻግቷል። ላይ ላዩ ደርቆ ደህና ይመስላል እንጂ ለከብትም አይሆንም። ለአለቃው ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። ተሸካሚዎቹ "ክራቫት" ይሉታል፤ ከዚያች ጨርቅ በቀር ምንም የለውምና ልክ ናቸው። ዛሬ በቃል መለሰልኝ።
"አባት፣ መንግሥት ቁጠባ ላይ ነው። ሰማይ ሲያፈስ እኔ ምን ላድርግ?"
በራሱ ቀልድ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ጥር 9
ቁጠባው ተሸካሚዎቹ ላይ ደረሰ። አሥራ ስምንት ሰው በአንድ ወረቀት። አንዱ ታናሼ። ሃያ ሁለት ዓመት ጆንያ የተሸከመ ጀርባ...
ክራቫት በር ላይ ቆሞ ስም ጠራ። የወንድሜን ስም ሲጠራ እያዛጋ ነበር። እያዛጋ! አፉን እንኳ በእጁ አልሸፈነም። ይህን ረስቼ ልሞት? አልሞትም።

ጥር 12
ታናሼ የቤት ኪራይ አቅቶት ፍራሹን ተሸክሞ እኔ ክፍል ገባ።
"ወንድም ጋሼ፣ አሁንም ታንኮራፋለህ?"
"የምትሰማው አንተ፣ እኔ ምን አውቃለሁ?"

ጥር 21
የዳቦው ሰልፍ ማዕዘኑን ዞሮ ግንባችን ድረስ መጥቷል። ዛሬ የደረሰን ትእዛዝ ደግሞ... ስንዴ ይቃጠል! የደህናው ግማሽ! ዋጋ እንዲነሳ ነው፣ ገበሬው እንዳይከስር ነው ይላል። ፊደል የቆጠርኩት ከጆንያ ላይ ነው፤ የተማረ ሰው ጽሑፍ ይከብደኛል። ይህን ግን አራት ጊዜ አነበብኩት። አልተሳሳትኩም። መጀመሪያ ቆጥቡ፣ ቀጥሎ አቃጥሉ። ምን ዓይነት ራስ ነው ይህን የሚያስበው?

ጥር 23
ክራቫት ነጭ ጋዝ አስጭኖ መጣ።
"ደህናው ክምር የትኛው ነው?"
ጣቴ ወደ ኋላው ተነሳ። አላሰብኩበትም... ወይስ ሌሊቱን ሳስበው አድሬ ነበር?
እህል የሚያውቅ ሰው ክንዱን እስከ ክርኑ ጆንያው ውስጥ ይከታል። እሱ ለእጅጌው ሳሳ። ይፈርሙልኝ አልኩት። "ደህና ስንዴ አቃጥያለሁ" ብሎ ፈረመ። ክብሪቱንም ሰጠሁት።
"እርስዎ ይለኩሱት፤ እኔ እጄ ይንቀጠቀጣል።"
እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። የግቢውን በር ወለል አድርጌ ከፍቼዋለሁ። ሰልፈኛው ሁሉ ሲለኩስ አየው። አንዲት ሴት "እጅህን ይቁረጠው!" አለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።
ታናሼም እዚያ ቆሞ ነበር። ራት ላይ አፍንጫውን ነካ ነካ አደረገ።
"ጋሼ፣ ጭሱ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። የኋላውን ነው የሰጠኸው?"
"ብላና ዝም በል።"
ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን።

የካቲት 2
ሕዝቡ የሚኒስትሩን መኪና በድንጋይ መታ። መንግሥትም ዞረ። የቀረው ስንዴ በነፃ ይታደል፣ ተሸካሚዎቹ ይመለሱ ተባለ። እሳቱስ? በሬዲዮ፣ "እኛ የተበላሸው ይወገድ አልን እንጂ ደህናው ይቃጠል አላልንም" አሉ። የትእዛዙን ደብዳቤ ትናንት መጥተው ወስደውታል። የክራቫት ፊርማ ግን እኔ ዘንድ አለ።
ታሰረ።

የካቲት 6
ታናሼ እንቅልፍ አጥቷል።
"አንድ ቃል እኮ ነው ጋሼ። የተቃጠለው የሻገተው ነው በላቸው፣ ይፈታል። ልጆች አሉት።"
"ሲያዛጋ አላየህም?"
"ያባረረው እኔን፣ ቂሙ ያንተ! ተሸካሚው እኔ ነኝ፤ የእኔን ሸክም ለምን ትሸከማለህ?"
ጥሩ ቀልድ ነበረች። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።
"ከተናገርክ ወንድም የለኝም።"


የካቲት 11
የእሳቱን ነገር የሚያጣሩት ሰዎች ጠሩኝ።
"የተቃጠለው ስንዴ ደህና ነበር?"
"ፊርማው ያውላችሁ።"
ክራቫት ቀና ብሎ አየኝ። ክራቫቱን ፈትተውበታል። አንገቱ እንዴት ቀጭን ነው! ውስጤ ሞቀ። ለራሴ አልዋሽም፣ ሞቀኝ።
ከእኔ ቀጥሎ ታናሼ ገባ። ማንም ሳይጠራው።
"ክምሩን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ቀዳዳው ሥር ነበር። አመዱን ቆፍሩት፣ ያልነደደ አይጠፋም።"
ሄደው ቆፈሩ። እፍኝ ሙሉ ሻጋታ ይዘው ተመለሱ።
ክራቫት ተፈታ። ሌላ ቢሮ ሰጥተውታል አሉ። ለእኔም የምስጋና ወረቀት ይጻፍ ተባለ፤ የሕዝብ ስንዴ አድነሃል ብለው። ለስንዴው ብዬ መስሏቸው...
ቤት ስገባ ፍራሹ የለም።

የካቲት 19
እደላው ቀጥሏል። ተሸካሚዎቹ ተመልሰዋል። እኔ በር ላይ ቆሜ ክንዴን ወደ ጆንያው እየከተትኩ አሳልፋለሁ። ታናሼ ከጠዋት ጀምሮ ሰባት ጊዜ አለፈኝ። ሌሎቹ "እናንተ ሰዎች፣ ሽማግሌ እንላክ?" እያሉ ያሾፋሉ። ለማን ነው የሚላከው? ወንድም የለኝም ብያለሁ።
በስምንተኛው ጊዜ ደጃፉ ላይ ጆንያው ወደ ግራ አዘነበለ። እጄ ሄደ... መለስኩት።
"ቀጥል" አልኩት፣ ማንንም እንደምለው።
"እሺ፣ አባት" አለኝ፣ ማንም እንደሚለኝ።
ከኋላው ያለው ሰው ደገፈለት።