እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ፦ የእትዬ ሽቦ የሕይወት ታሪክ

እትዬ ሽቦ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1942 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ሲደርስ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ፤ እናታቸው ሲታመሙ ግን የበኩር ልጅ አንቺ ነሽ ተብለው ቤት ቀሩ። በጭንቅላት ከወንድሞቻቸው ሁሉ ይበልጡ ነበር፤ ይህን የምትጽፈው ታናሽ እህታቸው አድልታ አይደለም።

በአባታቸው የስፌት መኪና እየተዳደሩ፣ በ1964 ዓ.ም. ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ። በ1987 ዓ.ም. ባለቤታቸው ከመኪናቸው ላይ ወድቀው ወገባቸው ተጎዳና አልጋ ላይ ቀሩ። አንድ ቀን እትዬ እህታቸውን ሊጠይቁ ወጥተው ሲመለሱ፣ ባለቤታቸውን ድምፃቸው እስኪዘጋ ተጣርተው ወለል ላይ ወድቀው አገኟቸው። ከዚያ ወዲያ ከደጃፍ ማለፍ እንዳማራቸው ቀረ።

ጎረቤታቸው ሬዲዮ ጠጋኝ፣ "እትዬ፣ እንዲህ ከሆነማ ሁለታችሁም አልጋ ላይ ናችሁ" ብሎ ትንሽ የሬዲዮ ማሰራጫ መሥራት አስጀመራቸው። በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የመዳብ ሽቦ ጠቀለሉ፤ ከትራንዚስተርና ከባትሪ አገናኙ፤ ማይክሮፎኑን በባለቤታቸው ትራስ አጠገብ ሰቀሉ። እምቢ አለ። ጠጋኙ ቢያየው፣ ለካ ልብስ ሰፊዋ ኤሌክትሪክ እንዲያልፍ የሽቦውን ጫፍ ቀለም መፋቅ ሲገባቸው፣ እንዳይተረተር ብለው በክር ቋጥረውታል። ቅጽል ስማቸው የወጣው ያን ቀን ነው።

ቀለሙ ተፍቆ ሲበየድ፣ በእጅ በምትያዝ ትንሽ ሬዲዮ የባለቤታቸው ሳል ተሰማ፤ እትዬ በደስታ አለቀሱ። ሾርባው ጨው አነሰው የሚለው የባለቤታቸው ማጉረምረም በየሬዲዮው ለጎረቤትም መድረሱን ያወቁት ዘግይተው ነው። ከዚያ ሬዲዮዋን ጆሯቸው ላይ ይዘው መውጣት ጀመሩ። ማሰራጫው ግን አቅሙ መንገዱ ጥግ ላይ እስካለው ዳቦ ቤት ብቻ ነበር፤ አንቴናውን ቢያስረዝሙትም አላለፈም። የእህታቸው ቤት ደግሞ ከዳቦ ቤቱ ማዶ ነው። ስለዚህ እህት እየመጣች እዚያው ዳቦ ቤቱ ደረጃ ላይ ይጨዋወቱ ነበር።

ባለቤታቸው በ2006 ዓ.ም. አረፉ። ከእንግዲህ እትዬ እፎይ ይላሉ ተባለ። እሳቸው ግን ማሰራጫውን አብርተው፣ የባዶውን አልጋ ዝምታ እያዳመጡ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ይመጡና ይቆማሉ። እህታቸው እጃቸውን ብትጎትት፣ "ከዚህ ካለፍኩ አይሰማኝም" ይሏታል። በጣም ትናደድባቸው ነበር፤ ዛሬም ንዴቷ አልወጣላትም።

ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ሰኔ 3 ቀን 2015 ዓ.ም. በቤታቸው አረፉ። ሁለት ልጆች፣ የልጅ ልጆችና አንዲት እህት ትተዋል። ያን ሁሉ ዓመት ያላለፉትን ዳቦ ቤት ዛሬ በሰው ትከሻ አለፉት። አምላክ ነፍሳቸውን፣ ጆሮን ወደ ኋላ መጣል በማያስፈልግበት ሥፍራ ያሳርፍልን።