የእናታችን ሰርዶ

ለታናሽ ወንድሜ ለሳህሉ፣ ድሬዳዋ፤

ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ያ የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ገነቴ ደህና ናት? ትንሿ ትርፊትስ ጥርስ አወጣች? እናታችን እግሯን አሁንም ያማታል ወይስ ሙቀቱ ጠቀማት? እኛ አምላክ ይመስገን፣ እኔም ባለቤቴ ጴጥሮስም ልጆቹም ደህና ነን። በልጉ ዘንድሮ በደንብ ጥሏል፤ ድንቹም እንሰቱም አምሮበታል። የጎደለን ነገር ቢኖር የእናንተን ፊት ማየት ነው።

ከዚህ በታች ከመውረድህ በፊት ግን አንድ ነገር ላዝዝህ። በፖስታው ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። አጭሩን ለእናታችን ጮክ ብለህ አንብብላት። ይህን ረጅሙን ብቻህን ሆነህ አንብበው፤ ገነቴ ብታየው ግድ የለኝም። ዛሬም ታዢኛለሽ አትበለኝ፤ ታላቅህ ነኝ፣ ይህ እስከምንሞት አይለወጥም።

ደብዳቤህ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ያልከው ሁሉ ገብቶኛል። እናታችን ከዚህ ይዛው የሄደችው አንድ ቁራጭ ሰርዶ ግቢህን ሞልቶ፣ በአጥሩ ሥር ሾልኮ አከራይህ ወይዘሮ እልፍነሽ ግቢ ገብቷል። የእሳቸው ግቢ ደግሞ አሸዋና ጠጠር አልብሰው፣ እሬትና ቁልቋል በድንጋይ ከበው፣ በየጠዋቱ የሚያስጠርጉት ነው። እስከ ሰኔ ሠላሳ ካላጠፋኸው ቤቴን ልቀቅልኝ ብለውሃል። እናታችን በበኩሏ ሣሩ ከወጣ እኔም እወጣለሁ ብላ ምግብ ቀንሳለች። አንተም በሁለቱ መካከል ቆመህ፣ ወይ ሰርዶ የሚጠፋበትን መላ ንገሪኝ፣ ወይ መጥተሽ እናታችንን ውሰጃት ብለህ ጻፍክልኝ። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ሳነብ ወረቀቱን አጥፌ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ።

ኋላ ግን ዓይኔን ጠርጌ ስለ ደቦው የጻፍከው ላይ ስደርስ ሳቄ መጣ። ሳህሉ፣ አንተ የቢሮ ጸሐፊ ሆነህ ይህን ያህል ዓመት ከተማ ኖረህ፣ እጅህ ግን አሁንም የሐዲያ ገበሬ እጅ ነው። እዚያ ያሉትን የሆሳዕና ልጆች እሑድ ከጸሎት በኋላ ሰብስበህ ሣሩን በደቦ ገለበጣችሁት። እስከዚህ ድረስ የአባታችን ልጅ ነህ። እኛ ዘንድ ወንዶቹ ተሰልፈው መሬቱን ሥሩን ወደ ላይ ገልብጠው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ የቀረውን ክረምቱ ይጨርሰዋል፣ ሣሩም በዝናብ ይበሰብሳል። አንተ ዘንድ እንደኛ ያለ ክረምት ከየት ይምጣ? ክረምቱ ቢጠፋብህ አንተው ራስህ ክረምት ሆነህ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ በባልዲ ውኃ እያመላለስክ አጠጣኸው! «እንዲበሰብስ ብዬ» ያልካትን መስመር ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ደግመሽ አንብቢልኝ አለኝ። የተቆራረጠውን ሥር ደግሞ ሰብስባችሁ አጥሩ ጥግ ከመራችሁት። ወደ ወይዘሮ እልፍነሽ የገባው በዚያ በኩል ነው እንጂ እናታችን በእጇ አልወሰደችላቸውም።

ሰርዶ የሚጠፋበትን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ፈልጌ፣ አቶ ጠናን ጠየቅሁልህ። ስማቸውን ስታይ ፊትህ እንደሚጠቁር አውቃለሁ። አዎ፣ የትምህርት ቤቱ አትክልተኛ፣ የአባታችንን መቃብር የቆፈሩት አቶ ጠና። ቂምህን ለጊዜው ወደ ጎን አድርገውና ስማቸው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። ደብዳቤህን ካነበብኩላቸው በኋላ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ልጁ ሰርዶን በውኃ ሊገድል ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ ግን አላሾፉብህም። ሁለት ጊዜ ቤታችን ድረስ እየመጡ አስረዱኝ።

እንደ እሳቸው አባባል ከሆነ የአንተ ጉልበት ፀሐይህ ነው፤ እኛ የሌለን። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከደረሰህ ቀን ጀምሮ ውኃ ከልክለው። ሎሚውና ፓፓያው እንዳይደርቅብህ ግንዱን ዙሪያውን በአፈር ክበብና እዚያ ውስጥ ብቻ በጣሳ አፍስስ፤ ከክቡ ውጭ አንዲት ጠብታ አትውደቅ። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ መሬቱ ሲፈረፈር፣ አካፋና ዶማውን ደብቀህ ባለሁለት ጥርሱን መቆፈሪያ አንሣ። ሰርዶ ሲቆረጥ አይሞትም፤ እያንዳንዷ አንጓ ለብቻዋ ሰርዶ ትሆናለች። ከሥር አንሥተህ፣ አፈሩን አራግፈህ፣ ሥሩን በእጅህ እየተከተልክ እስከ ጫፉ ሳብ። የሳብከውን መሬት ላይ አትጣል፤ ድንጋይ ወይም ቆርቆሮ ላይ ዘርግተህ ሲንኮሻኮሽ አቃጥለው።

የወይዘሮ እልፍነሽ ድንጋዮች ሥር የገባውንስ ብዬ ጠየቅኋቸው። አንድ ዓመት ለትምህርት ቤቱ ጣሪያ የመጣ ቆርቆሮ ሣር ላይ ተዘርግቶ ከረመ፤ ሲነሣ ከሥሩ አንድ ቀንበጥ አልተገኘም አሉኝ። ይህ በእኛ ዝናብ ነው። በአንተ ፀሐይማ አሮጌ ቆርቆሮ አልብሰህ፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ ተጭነህ እስከ ሰኔ መጨረሻ ብትተወው ከሥሩ ይነዳል። አጥሩን ተከትለህ ደግሞ ሁለት ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍር፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ በጠርዙ አቁመህ አፈሩን መልስ። ሐምሌ ላይ ዝናብ ጠብ ሲል አንዳንድ ቦታ ብቅ ማለቱ አይቀርም። በየሳምንቱ እየዞርክ በጣትህ ንቀል እንጂ ደቦ እንዳትጠራ።

አሁን ብቻህን አንብበው ወዳልኩህ ነገር ልምጣ።

አባታችን ባረፉ ጊዜ መልእክቱ ዘግይቶብህ፣ መንገዱም ጭቃ ሆኖ፣ በአራተኛው ቀን ደረስክ። መቃብራቸው በደጃችን መስክ ላይ፣ ራሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ቦታ ነው። አቶ ጠና ከመቆፈራቸው በፊት ሣሩን ከነአፈሩ በአራት ማዕዘን እየቆረጡ አንሥተው፣ ኋላም መልሰው እንደ ነበረ አለበሱት። ከራስጌው ግን አንዲት ቁራጭ ጎድላ አፈሩ ተገልጦ ቀረ። አንተም ስትደርስ መጀመሪያ ያየኸው ያንን ነው። በለቀስተኛው ሁሉ ፊት አቶ ጠናን «አባቴን ራቁቱን ተውከው» አልካቸው፤ አንተ ብለህ፣ እኒያን ትልቅ ሰው። እሳቸው አንድ ቃል ሳይመልሱ ባርኔጣቸውን አንሥተው ሄዱ። እስከ ዛሬም ሰላም አትላቸውም።

የጎደለችውን ቁራጭ የወሰደችው እናታችን ናት። እኔም አቶ ጠናም አይተናል። ሰው አፈር ሲመልስ በጋቢዋ ሸፍና ወደ ጓሮ ወሰደቻት። በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ አንተ እስክትመጣ፣ ከመጣህም በኋላ ሁለት ሳምንት እዚህ ስትቆይ፣ በየቀኑ ውኃ እየረጨች አቆየቻት። ከእናታችን ጋር ስትመለስ ድሬዳዋ ድረስ «ይህ ቆጮ እንዴት ይከብዳል» እያልክ የተሸከምከው እሷን ነው። ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቢሰሙ የመቃብር አፈር ይዛ ዞረች፣ ወደ ድሮው ልማድ ተመለሰች ይሉኛል ብላ ፈራች። አቶ ጠናንም አንተ ስትሰድባቸው ዝም ያሰኛቸው ይኸው ነው፤ እሷን ከማሳፈር እሳቸው መዋረድን መረጡ።

ለምን እንደምትወስደው ስጠይቃት የመለሰችልኝ በሐዲይኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ይቀንሳል። «ሳህሉ አባቱን አፈር አላለበሰውም። ወንድ ልጁ ነው፣ አልደረሰለትም። ይህን ይዤለት ልሂድ» አለችኝ። ሳህሉ፣ እናታችን ያንን ሣር ያመጣችው ለራሷ መቀመጫ እንዳይመስልህ። ላንተ ነው ያመጣችው። አንተ ግን ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነቅለህ ልትጥለው ነው። እሷም ልትነግርህ አፏ አልታዘዘላትም። ሳልነግርህ በመቅረቴ ጥፋቱ የእኔም ነው፤ መሐላዬን እዚህ ወረቀት ላይ አፍርሼዋለሁ።

ስለዚህ የተዛመተውን ሁሉ አጥፋ፤ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ግን አትንካ። በደቦው ብትገለበጥም አትሞትም፤ «መጀመሪያ የተከልሽው የት ነው» ብለህ ብቻ ጠይቃት፣ እናታችን ታሳይሃለች። አቶ ጠና እንዳሉት አንድ አሮጌ በርሜል ከወገቡ ቁረጥ። ቂጡን አታውጣው፤ ውኃ እንዲያሾልክ በሚስማር ብቻ ብሳው። አፉ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ እንዲቆም አድርገህ ቅበረው፤ ቁራጯን እዚያ ውስጥ ትከል። ከአፉ ሊወርድ ያጎነበሰውን በየጊዜው በመቀስ መከርከም ነው። እንዲህ ከታሰረ ሰርዶ ጎረቤት አያስቸግርም።

ለወይዘሮ እልፍነሽም እውነቱን ንገራቸው። ባል ቀብረው የኖሩ ሴት መሆናቸውን አንተው ጽፈህልኛል፤ ይገባቸዋል። እናታችን አማርኛ በአፏ አይሞላላትም፤ ሲቆጧት ዝም ማለቷን ንቀት አድርገው ወስደውት ይሆናል። አፍራ ነው። መጀመሪያ የእሳቸውን ግቢ አጽዳ፣ በርሜሉን አሳያቸው፣ ከዚያ ለምናቸው።

የሚቀረኝ አንድ ነገር ነው። እናታችን ስትሄድ፣ በአባታችን ራስጌ የተገለጠችውን ቦታ ሰርዶ እንዳይዘጋት አደራ አለችኝ። የምኖርበት ካላገኘሁ ይዤያት እመለሳለሁ፣ መመለሻዋ ይጠብቃት አለች። ይኸው ዓመት ከሰባት ወር፣ በየሳምንቱ እየተንበረከክሁ ከአራቱም በኩል የሚመጣውን በጣቴ እነቅላለሁ። አንድ ሳምንት ታምሜ ብተኛ ግማሿ ተዘግታ ጠበቀችኝ። መጥተሽ ውሰጃት ካልከኝ እመጣለሁ፤ እምቢ አልልህም። እናታችንንም ሣሯንም ይዤ እመለሳለሁ፣ ቦታዋ ክፍት ነው። እሷ ካንተ ዘንድ በሰላም ተቀመጠች ብለህ ከጻፍክልኝ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አልነቅልም። ሰርዶው ይዝጋው።

ባለቤትህ ገነቴ በመካከላችሁ ሆና የቻለችውን ሁሉ አይቻለሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ በልልኝ። ትርፊትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ወይዘሮ እልፍነሽን ስለ እናታችን ይቅርታ ጠይቃዎታለች በላቸው። ጴጥሮስ ሰላም ብሎሃል፤ ልጆቹም እንደዚሁ። አቶ ጠናም ሰላም በይው ብለውኛል፤ የሚመልሱልህን ሳይሆን የምትመልስላቸውን አስብ።

ለእናታችን ሰላምታዬ በአጭሩ ወረቀት ላይ አለ። ከዚህኛው ምንም አትንገራት። በርሜሉን የምትቀብር ቀን ብቻ ሰው አትጥራ፤ ገነቴም አትርዳህ። እናታችንን ወንበር አውጥተህ አጠገብህ አስቀምጣትና፣ አፈሩን አንተው በእጅህ አልብስ።

እህትህ ጣቢታ

ሆሳዕና፣ ግንቦት ፱ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.