ቀዩ ሹራብሽ

ሹራብሽን ያጣሁት በወንድምሽ ነው፤ ሌላ ማንንም አልወቅስም። ልጄ፣ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምልሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። ጉልበቴም እንደምታውቂው ነው። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ ጽሑፌን ታግሰሽ አንብቢው።

ቅጠሉ ረግፎ በዓሉ ሲደርስ ቤተሰቡ በሙሉ እንደ ወትሮው ወደ ሐይቁ ወረደ። አንቺም እንደ ወትሮው «ለዚህኛው በዓል እመጣለሁ» ብለሽ ስለነበር፣ ዘግይተሽም ቢሆን ትደርሺያለሽ ብዬ ስትሄጂ ትተሽው የሄድሽውን ቀዩን ሹራብሽን አጥቤ ያዝኩልሽ። ትንንሾቹ ቅጠል እየከመሩ ሲዘሉበት ዋሉ። ወደ ማታ ነፋሱ ሲነሳ ወንድምሽ ሹራቡን ከቦርሳዬ አውጥቶ ለትልቋ ልጁ ሰጣት።

«የአክስቷ ነው፣ ተወው» አልኩት።

«እማዬ ደግሞ! እህቴ እኮ ዛሬ አንድ ክንዷም አይገባበትም» ብሎ ሳቀ። ሚስቱም ሳቀች።

ልጅቷን አየኋት። አንቺ ስትሄጂ ገና በእናቷ ሆድ ነበረች። አሁን እጅጌው አጥሯት የእጇ አንጓ ላይ እንኳ አልደረሰም። አልተቆጣሁም፣ አላለቀስኩምም። ሻዬን አነሳሁ፤ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጠጣሁት።

«አያቴ፣ ላውልቀው?» አለችኝ።

«ይሙቅሽ» አልኳት።

ልጆችሽን ፈጣሪ ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን ይባርክልሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ስትደውዪ ደህና መሆንሽን ንገሪኝ፣ እመጣለሁ አትበይኝ። ከመጣሽም ወፍራም ልብስ ደርበሽ ነይ። እኔ ከእንግዲህ ያንቺን ልብስ ይዤ ወደ ሐይቁ አልወርድም።

እናትሽ