ስለ እትዬ ገበያነሽ ስምና ስለ ዓይናቸው

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ዳኛቸው፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፤
ኮልፌ

ጤና ይስጥልኝ፤ ጤናን በቃል ለመመኘት እስካሁን የቀበሌ ማኅተም ስላልተጠየቀ ሳልሳሳ እመኝልዎታለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ በቅርቡ ደጅዎ ላይ የቆመችው ቮልስዋገንም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋዬ ጽኑ ነው።

ሕክምና ለድሃው በነፃ መሆኑን ባለፈው እሁድ ስብሰባ ላይ ግማሽ ቀን ሙሉ ስላስረዱን አመሰግናለሁ። ቆመን ስለሰማን የወገብ ሕመምተኛ በዝቷል እንጂ ትምህርቱስ ገብቶናል። ቅር ያሉኝ ነገሮች ግን አሉ።

1ኛ. ልብስ አጥበው የሚያድሩት ጎረቤቴ እትዬ ገበያነሽ፣ ሞራ ዓይናቸውን ጋርዶት ሆስፒታል ለፊታችን ሐሙስ ስለቀጠራቸው፣ የነፃ ሕክምና ወረቀት ሊጠይቁ ቢሮዎ ቢመጡ፣ እርስዎ ገና ስማቸውን ሲሰሙ «ገበያነሽ ካልሽማ ነጋዴ ነሽ፤ ከፍለሽ ታከሚ!» ብለው መልሰዋቸዋል። በእናትዎ ዕድሜ ያሉትን ሴት አንቺ ማለትዎን ለጓዳዊነት ቆጥረንልዎታል። ስሙ የወጣላቸው ግን በገበያ ቀን ስለተወለዱ ነው። እንኳንም እሁድ ተወልደው ሰንበቴ አልተባሉ፤ አድኃሪ ተብለው በታሰሩ ነበር።

2ኛ. ወሬው ሳንሱሲ ሰፈር ድረስ ተሰምቶ፣ እዚያ የሚኖሩት አቶ ሀብተማርያም ሳል እየጨረሳቸው ቀበሌያቸው መሄድ ፈርተዋል። ስማቸው ውስጥ ያለውን ሀብት አምጣ ይሉኛል ብለው ነው።

3ኛ. የእትዬ ገበያነሽ ልጅ ዱባለ ሕክምና በነፃ እንዲማር ኩባ ሲላክ፣ «የጭቁን እናት ልጅ» ብለው የፈረሙለት እርስዎ ራስዎ ነዎት። እናቲቱ በሁለት ዓመት ከጭቁንነት ወደ ከበርቴነት መሸጋገራቸው ያስደንቃል፤ በምርት ዘመቻውም እንዲህ ያለ ዕድገት አላየንም።

ዱባለ ነጭ ጋውን ለብሶ የተነሣውን ፎቶ ልኮላቸዋል። እሳቸው በጣታቸው እየዳሰሱ «ከስቷል ወይስ ወፍሯል?» ይሉኛል። ወፍሯል እላለሁ። ሐሙስ ካለፈ ግን ሐኪም ሆኖ ሲመጣም ስለ መልኩ እኔን ሊጠይቁ ነውና፣ እባክዎን ይፈርሙላቸው።

ከጓዳዊ ሰላምታና ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣
ስሜ ምን እንደሚያስከፍለኝ እስኪጣራ ድረስ ስሜን ያልጻፍኩ ጎረቤትዎ

የተረሳ ነገር፦ ሰው በስሙ የሚመዘን ከሆነ የእርስዎም ስም ዳኛቸው ነው። በስም አወጣጥ የተሳሳቱት የእትዬ ገበያነሽ እናት ብቻ አለመሆናቸውን ሰፈሩ በሙሉ ድምፅ ሊያጸድቅ ሐሙስን እየጠበቀ ነው።