ቀዩ አደይ አበባ

ጳጉሜን 2፣ ጠዋት
ማስታወሻዬ ሆይ፣ ከባድ የሐዘን ዜና ነውና ተነስተህ ስማ። ቢጫ ከለር ዛሬ ጠዋት በድንገት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች አንዲት አደይ አበባ ግማሽ ላይ ጥሎ ነው የሄደው። ዋና ሐዘንተኛ፦ ታናሽ ወንድሜ ቢኒ፣ 2ኛ ክፍል። ነፍስ ይማር ስለው ጫማ ወረወረብኝ። ሳተኝ።

ያው ቀን፣ ከ/ሰዓት
የጌጃ ሰፈርን ሱቆች አዳረስኩ። ከለር የለም። ቢኒ የእንቁጣጣሽ ሥዕል ለሰፈሩ ሊያዞር ነው። ዋናው ግን የእማዬ ነው። እሷ ደግሞ ታላቃችን ጋሼ ግርማ ለብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ወዲህ ግድግዳዬ ላይ ሥዕል እንዳላይ ብላለች። ቢኒ ቆንጆ አድርጌ ከሣልኩት ትለጥፈዋለች ባይ ነው። ሞኝ።

ጳጉሜን 3
ዝናብ። ቤት ተቀምጠናል። ጋሼ ትዝ አለኝ። ጳጉሜን ሲገባ የደብተር ወረቀት በዘይት አሽቶ፣ ብርሃን እንዲያሳልፍ አድርጎ፣ መልአክ ይገለብጥልን ነበር። እኔ ለመልአኩ ጢም እጨምርለታለሁ። በኩርኩም ይለኛል፣ ከዚያ ራሱ ይስቃል። ያ ኩርኩም ናፈቀኝ። (ለማንም እንዳትናገር።) ቢጫ ሲያልቅበት ደግሞ እርድ በውሃ ይበጠብጥ ነበር። እንዴት ረሳሁት!

ጳጉሜን 4፣ ረፋዱ ላይ
ከእማዬ ቅመም ጣሳ እርድ ቆነጠርኩ። ብሩሻችን ጫፉ የታኘከ መፋቂያ። አበቦቹ ቦግ አሉ! አንድ ችግር ብቻ፦ አልጫ አልጫ ይሸታሉ። ቢኒ ሰው እንጀራ ይዞ ይጠብቀኛል ብሎ ተነጫነጨ። እኔ አራዳው መላ መታሁ። ሽታው እንዲጠፋ እርዱ ውስጥ የልብስ ሳሙና አሟሟሁ። ሁሉንም ደግመን ቀባን።
ቀላ! እያየነው ቀላ! አደዩ ሁሉ ሸክላ ጡብ መሰለ። ወረቀት አልቋል። ቢኒ አላለቀሰም። መፋቂያውን አጥቦ አስቀመጠ። ይሄ ይብሳል።

መስከረም 1፣ ጠዋት
የልደታ ደወል ቀሰቀሰን። ቢኒ የእማዬን ሥዕል ፍራሽ ሥር ደብቆ ሌሎቹን ይዞ ወጣ። እኔ ከኋላው። የቀበሌው ሊቀመንበር ሥዕሉን አየና ፊቱ በራ፦ «ጎሽ! አብዮታዊ አበባ!» ቢኒ ደግሞ አይደለም፣ እርድ ነው፣ ሳሙና ገብቶበት ነው የቀላው ይለዋል! ነፍሴ ልትወጣ። ሰውዬው ሳቀ። ተረፍን።

ከ/ሰዓት
እማዬ ፍራሽ ስታነሳ አገኘችው። ቆማ አየችው። ብዙ። ቢኒ በር ላይ ተለጥፎ ቀረ።
«ይሄማ የግርማ ነው» አለች።
ለካ ጋሼም በቢኒ ዕድሜ ሳለ እርድና ሳሙና ቀላቅሎ ሰፈሩን ቀይ አደይ አልብሶት ኖሯል። ለእኛ ግን ትንፍሽ አላለም፣ ጉረኛ! እማዬ እየሳቀች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ዱቄት በጥብጥና አምጣ፣ ልለጥፈው አለችኝ።
በቃ ማስታወሻዬ፣ ያን ሁሉ የጮህኩብህ ነገር ትንሽ ነው። አንድ ወረቀት ነው። ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። አሁን ልሂድ፣ ዱቄቱ እየጓጎለ ነው፣ ቢኒ ደግሞ ከፍ አድርጉት እያለ ነው።