ፍልስፍናን ሳያምኑ የኖሩት የአቶ ንጉሡ ስማቸው የሕይወት ታሪክ

አቶ ንጉሡ ስማቸው ከአባታቸው ከአቶ ስማቸው አደራ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፈንታዬ ይመር በመካነ ሰላም አቅራቢያ በ1944 ዓ.ም ተወለዱ። ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጥረው፣ በመካነ ሰላም እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። በ1970 ዓ.ም ከወ/ሮ ሰርካለም ምስክር ጋር ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

አቶ ንጉሡ ተጠራጣሪ ሰው ነበሩ፤ ይህን ብንደብቅ የሚያውቃቸው ሁሉ ይታዘበናል። በሬ ሲገዙ የሻጩን ጎረቤት ሳይጠይቁ አይነዱም ነበር። ሬዲዮ ዝናብ አለ ካለ ወጥተው ሰማዩን ያዩ ነበር። አገሩም ለዚሁ ብሎ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሽምግልና አስቀመጣቸው።

የመጨረሻ ልጃቸው የትምወርቅ በ2004 ዓ.ም ዩኒቨርሲቲ ገብታ ፍልስፍናን ስትመርጥ ግን ጥርጣሬው እንቅልፍ ነሳቸው። "እግዜርን ሊያስክዷት ነው" ብለው በሚኒባስ ተሳፍረው ግቢዋ ድረስ ሄዱ፤ መምህሯንም ስትጨርስ ምን እንደምትሠራ ጠየቁ። መምህሩ "ሥራውን እንጃ፤ የሰማችውን ሳትመረምር ግን አትቀበልም" አሏቸው። "ይህንንማ ከቤቷ ይዛው ነው የመጣችው" ብለው ተመለሱ። ለእረፍት በመጣች ቁጥር የንስሐ አባታቸው ይመረምሯት ነበር፤ ደህና ናት ቢባሉም አላመኑም። የትምወርቅ ከዲግሪው ይልቅ የአባቷን አመኔታ ትፈልግ ነበርና ይህ በጣም ያማት ነበር።

በ2007 ዓ.ም ጎረቤታቸው ወ/ሮ መድና ሱሌማን የእርሻ ድንበር ገፍተዋል ተብለው ሽማግሌ ፊት ተከሰሱ። "ድንበሩን ሲገፉ ከአውድማዬ ሆኜ አይቻለሁ" የሚል ምስክር ቀረበ። በበሬና በዝናብ የሚጠራጠሩት አቶ ንጉሡ ምስክሩን ከልጅነት ያውቁት ስለነበር ቃሉን ይዘው በወ/ሮ መድና ላይ ፈረዱ። ቤት ሲገቡ ለእረፍት መጥታ የነበረችው የትምወርቅ "አባባ፣ ከዚያ አውድማ ድንበሩ ይታያል ወይ?" አለቻቸው። "ለካ ሽማግሌ መድፈር ነው ያስተማሩሽ" ብለው ሁለት ሳምንት አኮረፏት።

ነገሩ ግን ከነከናቸው። አንድ ጠዋት ብቻቸውን ሄደው አውድማው ላይ ቆሙ፤ በመሃል ያለ ጉብታ ከልሎት ድንበሩ አይታይም። ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ፍርዱን አስለወጡ። ከዚያም በአገሩ ወግ እንደ በዳይ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ወ/ሮ መድና ደጅ ተንበረከኩ። ወ/ሮ መድናም "አፉ ብያለሁ፤ አላህም አፉ ይበልዎ" ብለው ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱላቸው። አቶ ንጉሡ ከዚያም በኋላ ፍልስፍናን አላመኑም፤ ቦታውን ሳያዩ መፍረድን ግን ተዉ።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በደሴ ሲታከሙ ቆይተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ የሕይወት ታሪካቸውን የትምወርቅ እንድትጽፈው አዘዙ። ወንድሞቿ ቀብር ላይ ጥፋት አይነበብም ብለው የወ/ሮ መድና ነገር እንዲቀር ለመኑ። አቶ ንጉሡ "እሱ ከቀረ የምታነቡት የሌላ ሰው ታሪክ ነው" አሉ። እሺ ብትላቸውም መች አምነው፤ እዚያው አልጋቸው አጠገብ አስጽፈው ሁለት ጊዜ አስነበቧት። ሁለተኛውን ሰምተው ሲጨርሱ እጇን ይዘው "አሁን አመንኩሽ" አሏት።

አቶ ንጉሡ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ጥፋታቸውን በአንደበታቸው የተናገሩትን አባታችንን እግዚአብሔር በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውንም ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። አሜን።